መስመሩን በእግር የሚሄዱት ሷሊሕ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሷሊሕ የሚባል ሰው ሞልቷል። "መስመረኛው ሷሊሕ" ከተባለ ግን ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ከማንጎ ሻጮቹ ጀርባ፣ በሩ ላይ የድሮ የስልክ እንጨት ያጋደሙት ሽማግሌ ናቸው። እንጨቱ ወንበር ነው። ዕቃ ያስጠገነም ያላስጠገነም ይቀመጥበታል።

ጋሼ ሷሊሕ የአሊዩ አምባ ልጅ ናቸው። አባታቸው በአህያ ጨውና ጥጥ ጭነው ቆላና ደጋ ሲመላለሱ፣ እሳቸው በሃያ ዓመታቸው ስልክ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሽቦ ተከትለው ሄዱ። ከቀወት ማሳ እስከ ጣርማ በር ጉም ድረስ ሠላሳ አንድ ዓመት ምሰሶ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ ኖሩ። ጡረታ ሲወጡ ይዘውት የመጡት የሚያማቸውን ቀኝ ጉልበትና አንድ የማይለቃቸውን ልማድ ነው። አንድ ነገር ተበላሸ ሲባሉ፣ ዕቃውን ከመንካታቸው በፊት መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራቸው ይሄዱታል። ሬዲዮም ቢሆን፣ ቴሌቪዥንም ቢሆን፣ በስተርጅና ከልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ጋር ተቀምጠው የተማሩት ኮምፒውተርም ቢሆን ያው ነው። ሰው ዕቃውን ተሸክሞ ሱቃቸው ሲመጣ አይወዱም። "በሽተኛውን ከነቤቱ አሳዩኝ" ይላሉ።

ልማዱን ያስተማራቸው አንድ ገበሬ ነው። በወጣትነታቸው ዘመን፣ በጥቅምት ወር፣ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣው መስመር ሦስት ቀን ድምፅ አጣ። አለቃቸው ጉሙንና ነፋሱን ጠርጥሮ ሠራተኛውን ሁሉ ጣርማ በር አወጣው። እጃቸው በብርድ እስኪደነዝዝ ከመኪናው መንገድ ዋሻ በላይና በታች ምሰሶ ሲቆጥሩ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ሷሊሕ ብቻቸውን ከታች ተነሥተው በእግር ጀመሩት። ከከተማው ብዙም ሳይርቁ፣ ቀወት ውስጥ፣ አንድ ሰው ማሽላውን ከወፍ ሲጠብቅ አገኙ። ሰውየው ከማማው እስከ ስልኩ ምሰሶ አናት ሽቦ ወጥሮ፣ ሽቦው ላይ ባዶ ጣሳ ደርድሮ፣ ከላይ ሆኖ ይስበዋል። ጣሳው ይንኳኳል፤ ወፉ ግር ብሎ ይነሣል። የወጠረው ሽቦም ሁለቱን የስልክ ሽቦዎች አገናኝቶ አፋቸውን ዘግቷል።

"ምን ነካህ አንተ ሰው?" ቢሉት፣

"ወፉ ፈጀኝ እኮ ጌታው! ምሰሶው እንደሁ ዝም ብሎ ቆሞ ነው የሚውለው፤ ትንሽ ቢያግዘኝ ብዬ ነው" አላቸው።

ሽቦውን ፈቱለት፤ ጣሳውንም ከአንድ ግራር ጋር መልሰው ወጠሩለት። ከዚያ ወዲህ ብልሽት ባጋጠማቸው ቁጥር "ወፍ ጠባቂው ማነው?" ብለው ይጠይቃሉ። ከብልሽት ጀርባ ሰው አለ፤ ሰውየውም ብዙ ጊዜ ክፉ አላሰበም። የሚያውቁት ይህን ነው።

በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በመጋቢት ወር፣ ከሰዓት በኋላ ዓለሙ ወደ ሱቃቸው መጣ። ዓለሙ መናኸሪያው ውስጥ ትኬት ሲቆርጥ ያረጀ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ባለቤቱ ራሔል መምህር ነበረች። ከሞተች አንድ ወሯ ነው። ዓለሙ ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ጺሙን አልተላጨም። እንጨቱ ላይ ተቀመጠ።

"ጋሼ ሷሊሕ" አለ፤ "የራሔል ላፕቶፕ ከቤቱ ዋይፋይ ጋር አልገናኝ አለኝ።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ከለቅሶው ወዲህ። ብሌን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ታውቋታል። ማታ ማታ ከእናቷ ጋር በላፕቶፑ ፊት ለፊት እየተያዩ ነበር የሚያወሩት። የኔ ስልክ እንደሚያዩት ባለ ቁልፍ ነው፤ ድምፅ እንጂ ፊት አያሳይም። እሷ ደግሞ 'አባዬ፣ ምግብ እየበላህ አይደለም፤ ፊትህን ካላየሁ ፈተናዬን ትቼ እመጣለሁ' ብላኛለች። ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጠብቂኝ ብያታለሁ።"

"ሌላ ሰው አላየውም?"

"አንድ ኮምፒውተር የሚሠራ ልጅ መጥቶ አይቶታል። 'ሪሴት ይደረግ፤ ሁለት ደቂቃ ነው' አለ። የዋይፋዩ ሳጥን ላይ በመርፌ የሚጫን ቀዳዳ አለ አይደል? እሱን ሊጫን ሲል ያለውን ሁሉ ያጠፋዋል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። 'አዎ፣ እንደ አዲስ ነው የሚሆነው፤ የዋይፋዩ ስምም ፓስወርዱም ይጠፋል፤ ሌላ ስም ታወጣለህ' አለኝ። እኔ ደግሞ..." ዓለሙ የእንጨቱን ጠርዝ በጣቱ ፋቀ። "ስሙን ያወጣችው ራሔል ናት። እንዳይነካው አልኩ። ልጁም ሳቀብኝና ሄደ።"

"ማን ብላ ነው ያወጣችው?"

"ተዉት ጋሼ፤ የጨዋታ ነገር ነው።" ዓለሙ አንገቱን ደፋ። "ብቻ እሷ ያለችው ነው። እንዳይጠፋብኝ ነው የፈለግሁት።"

ሷሊሕ ካቻቢቴያቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከትተው ተነሡ። ዓለሙ ባጃጅ ሊጠራ ሲል እጁን ያዙት። "በእግር ነው የምንሄደው። መስመሩን አላየሁትም።"

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሷሊሕ ዓይናቸውን ከሽቦው ሳይነቅሉ፣ በየምሰሶው ሥር እየቆሙ፣ አንዳንዱን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። ሽንኩርት ዘርግታ የምትሸጥ ሴት፣

"ጋሼ ሷሊሕ፣ ሰማይ ላይ ምን ጠፋብዎት?" አለቻቸው።

"የአንቺ ሽንኩርት ዋጋ! ወጥቶ አልወረደም ይላሉ።"

ገበያተኛው ሳቀ። ዓለሙም ፈገግ ሊል ሲል ቶሎ ተወው።

ከመጨረሻው ምሰሶ እስከ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ያለውን ሽቦ ሷሊሕ በጣታቸው ተከተሉት። ጤነኛ ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን መፍታት ጀመሩ።

"ኧረ ይተዉት ጋሼ!" አለ ዓለሙ። "ሠላሳ ቀን ሙሉ አገር በጫማው የረገጠው ቤት ነው። አሁን ማን አለና!"

"እግሬም ትንሽ ይተንፍስ እንጂ" አሉና አወለቁ።

ቤቱ የሐዘን ቤት ነው። የእድሩ ቁጥር የተጻፈበት አንድ አግዳሚ ሳይመለስ ቀርቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ጨርቅ ለብሷል። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ፣ ቡፌው ላይ፣ ነጩ የዋይፋይ ሳጥን አለ፤ ጨርቁ ከእሱ ላይ ተገፎ ጎን ተቀምጧል። ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚዘጋበት ጠርዝ ላይ የጠመኔ የጣት አሻራ አለ። ሷሊሕ አሻራውን አይተው ላፕቶፑን ሲከፍቱ በሌላኛው ጠርዝ ያዙት።

መጀመሪያ የቤቱን ስልክ አንሥተው አዳመጡ። ድምፁ ያለ አንዳች መቆራረጥ ይሄዳል። "መስመሩ እስከዚህ ደኅና ነው" አሉ። ወደ ሳጥኑ ዞሩ። ሦስት አረንጓዴ መብራቶች ረግተው በርተዋል። ከሥራቸው የነበረው ጽሑፍ በቆላው ሙቀት ለቆ አይነበብም። ይህን ዓይነት ሳጥን ደግሞ ከዚህ በፊት አላዩም።

"ድሮም ሦስት መብራት ነው የነበረው?"

"መብራት ማን ይቆጥራል ጋሼ? ራሔል ናት የምታውቀው።"

መነጽራቸውን አድርገው የላፕቶፑን ዝርዝር ተመለከቱ። በአካባቢው ያሉ የዋይፋይ ስሞች ወጥተዋል። የጎረቤት ሆቴሉ አለ፤ ማዶ ያለው ፋርማሲ አለ። ላፕቶፑን አጥፍተው አበሩት። ሳጥኑን ነቅለው፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጡ አሳርፈው፣ መልሰው ሰኩት። ሦስቱ መብራቶች እንደገና በሩ። ዝርዝሩ ላይ ግን ያው ሆቴሉና ፋርማሲው ብቻ ናቸው።

"እየው ዓለሙ" አሉ፤ "ላፕቶፑ አልደነቆረም፤ የሆቴሉን ከዚህ ሆኖ ይሰማል። መስመሩም አልሞተም። የማይጣራው ሳጥኑ ነው። ቃል ከውስጡ ደርሶለታል፤ አፉን ግን አይከፍትም።"

"በገመድ አይገናኝም?"

"ላፕቶፑ ስሱ ዓይነት ነው፤ የገመድ መሰኪያ የለውም።"

ዓለሙ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መካከል ከተተ።

"ጋሼ ሷሊሕ፣ በቃ ይጫኑት" አለ።

"ምኑን?"

"ቀዳዳውን። ይጥፋ። ልጄ ፈተናዋን ትታ ከምትመጣብኝ ስም ቢጠፋ ይሻላል። ራሔልም ብትኖር ይህንኑ ነበር የምትለው። 'አንተ ደግሞ በማይረባ ነገር!' ትለኝ ነበር።" ድምፁ ሳይሰበር ነው የተናገረው፤ እንደ ተናገረ ግን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሷሊሕ መርፌ ቁልፋቸውን ከኮታቸው እጥፋት ነቀሉ። ቀዳዳዋ በሳጥኑ ጀርባ አለች፤ ከሰናፍጭ ፍሬ አትበልጥም። የመርፌውን ጫፍ አስጠጉ፤ እጃቸውም እዚያው ቆመ።

ራህመት የሚባሉ ሚስት ነበሯቸው። ከሞቱ አሥራ ሰባት ዓመት አለፋቸው። በሕይወት ሳሉ፣ አንድ ረመዳን፣ ራህመት አሊዩ አምባ ላሉት ወላጅ እናታቸው በካሴት መልእክት ቀርጸው ላኩ፤ ያን ጊዜ ሰው እንዲህ ነበር የሚጠያየቀው። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አንዲት እምቢተኛ ፍየል አወሩና መጨረሻው ላይ "ሷሊሕ፣ አሁንም እየሰማኝ ነው ይሄ ነገር?" ብለው ሳቁ። እናትየው ሲሞቱ ካሴቱ ከዕቃው ጋር ተመለሰ። ሷሊሕ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጡት። ራህመትም በተራቸው ሄዱ። ከዚያ በዓመቱ፣ አንድ ቀን፣ የደንበኛ ቴፕ ጠግነው መቅዳቱን ለመሞከር ከመሳቢያው እጃቸው ያገኘውን ካሴት ከተው ቀዩን ቁልፍ ተጫኑ። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አሉ፤ ብሎኑን እስኪያጠብቁም ካሴቱ እንዲዞር ተዉት። መልሰው ሲያዳምጡ የራሳቸው ድምፅ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" አለ፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው የካቻቢቴ ክርክርታ ነበር።

ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ለዓለሙም አልተናገሩም። መርፌ ቁልፋቸውን መልሰው ኮታቸው ላይ ሰኩ።

"አልጫንም" አሉ። "መስመሩን ገና አልጨረስኩትም።"

"ምን ቀረ? ከምሰሶው እስከ ቡፌው አዩት እኮ!"

"ሰውን አላየሁም። ከራሔል ሞት በፊት ይሠራ ነበር፤ ከለቅሶው በኋላ ቆመ። በመካከሉ እዚህ ቤት ማን ነበር?"

"አገሩ ሁሉ ነዋ! ማን ያልነበረ አለ?"

"ቡፌው ጋ ማለቴ ነው። ጨርቁን ያለበሰው ማነው?"

ዓለሙ አሰበ። "ፈሪሃ ትመስለኛለች። እኔ ያን ቀን ምን አውቃለሁ። የቤቱን ነገር የያዘችው እሷ ነበረች።"

ፈሪሃ የአጥር ጎረቤት ናት። ከራሔል ጋር ሃያ ዓመት በአጥሩ ቀዳዳ ወንፊትና ቡቃያ፣ ምስጢርና ኩርፊያ የተቀባበሉ ናቸው። ዓለሙ በጓሮ በር ብቅ ብሎ ተጣራ።

"አቤት ጋሽ ዓለሙ! ድስቴን ላውርድና መጣሁ!"

መጣች፤ እጇ ሽንኩርት ይሸታል። ሷሊሕን ስታይ ሻሿን አስተካከለች። የላስቲክ ጫማዋን በሩ ላይ ጥላ ገባች።

"አሰላሙ ዐለይኩም ጋሼ ሷሊሕ። በደኅና ነው?"

"ወዐለይኩም ሰላም። ፈሪሃ፣ የለቅሶው ዕለት ይህን ቡፌ ያለበስሽው አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ። ምነው? ዕቃ ጠፋ?"

"ምንም አልጠፋም። ወፍ ጠባቂ እየፈለግሁ ነው።"

"እኔ ደግሞ መቼ ወፍ ጠበቅሁ? ጋሽ ዓለሙ፣ ሰውየውን ፀሐይ መታቸው እንዴ?"

"ተቀመጪ" አሉ ሷሊሕ ሳቅ ብለው። "ይህን ነጭ ሳጥን ነክተሽው ነበር?"

ፈሪሃ ሳጥኑን አየች፤ ከዚያ ዓለሙን አየች። ሳቋ ከፊቷ ሄደ።

"ነክቼዋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ራሔልዬ ገና ከቤት ሳትወጣ ነው። ሰው መጥቶ እዚህ ሞልቶ ያለቅሳል። እዚያ ላይ ደግሞ አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። እንደ ሠርግ ቤት! ሰው ደረቱን እየደቃ እሷ ትጨፍራለች። ወላሂ፣ አላስቻለኝም። ከደጋ የመጡ ዘመዶቿ ሁሉ ዓይናቸው እዚያ ላይ ነው። ምን ይላሉ? 'ጎረቤት የላትም እንዴ' አይሉም? ልነቅለው ስል ሶኬቱ ከቡፌው ጀርባ ነው። እጄን ሰድጄ ጎኑን ስዳብስ አንድ ነገር ተጫነልኝና ዓይኗን ጨፈነች።"

"ሌሎቹስ? እነዚህ ሦስቱ?"

"እነሱማ ጨዋ ናቸው፤ ዝም ብለው ነው የሚበሩት። ተውኳቸው። ከዚያ ጨርቁን አለበስኩት።" አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች። "ያ ረቢ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት? ጋሽ ዓለሙ፣ ልጅቷን ከአባቷ የለየሁት እኔ ነኝ?"

ዓለሙ ቀና አለ። እያያት ነበር። ያን ዕለት ቤቱ ውስጥ ምን እንደሆነ፣ ማን ምን እንዳደረገ፣ ለእሱ ሁሉም ጉም ነው። በዚያ ጉም ውስጥ አንድ ሰው የራሔልን ክብር በአንዲት መብራት ሳይቀር ሲጠብቅላት እንደ ነበር አሁን ገና ነው የሰማው።

"አላበላሸሽም" አለ። "እሷም አንቺ ቤት ቢሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር።"

ሷሊሕ ሳጥኑን አንሥተው ጎኑን በጣታቸው ዳበሱ። ከቀጭኑ የጎማ ጠርዝ ሥር የሽንብራ ክክ የምታክል፣ ቀለሟ ከሳጥኑ የማይለይ ቁልፍ አገኙ። ሳጥኑን ወደ ፈሪሃ ዘረጉላት።

"የዘጋው እጅ ይክፈተው።"

"እኔ? ደግሜ? ኧረ ጋሼ፣ ይቅርብኝ!"

"ነይ፤ አይነክስሽም። ሐዘኑን አድርሰሽለታል።"

ፈሪሃ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። "ቢስሚላህ" ብላ ተጫነች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከሦስቱ ጎን አራተኛዋ መብራት ብልጭ አለች፤ ድርግም አለች፤ ደግማ ብልጭ አለች።

"ይቻት!" አለች ፈሪሃ። "ይቻት ጨፋሪዋ!"

ሷሊሕ ላፕቶፑን ዓለሙ ጭን ላይ አስቀመጡለት። ሆቴሉ አለ። ፋርማሲው አለ። ቀስ ብሎ፣ ከሁለቱም በላይ፣ ሦስተኛ ስም ወጣ። ሷሊሕ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ገፍተው በላቲን ፊደል የተጻፈውን አንድ በአንድ አነበቡት።

"ጫ... ማ... አው... ልቁ። ጫማ አውልቁ?"

ፈሪሃ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን ያዘች። ዓለሙ ግን እሱም እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ሞልቶ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ።

"ተማሪዎቿ እየመጡ ዋይፋይ ይጠቀሙ ነበር" አለ። "ወለሉን እንዳጠበች በጭቃ ጫማ ይገቡባታል። 'ቲቸር፣ ስሙ የትኛው ነው?' ሲሏት 'አንብቡና ታዘዙ' ትላቸዋለች። ስሙ ለእነሱ ነው ትላለች እንጂ ዋናው ለእኔ ነበር። ከመናኸሪያ ስመጣ..." አልጨረሰውም።

ላፕቶፑ ፓስወርድ አልጠየቀም። የራሔል እጅ አንድ ጊዜ የነገረውን ይዞ ኖሯል፤ ራሱ ተገናኘ።

ዓለሙ ወደ እግሩ አየ። ጥቁሩን ጫማ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ቤት ውስጥም አላወለቀውም ነበር፤ ሲተኛ ብቻ ነው የሚፈታው። ላፕቶፑን ለፈሪሃ ሰጥቶ ጎንበስ አለ። የአንዱ ክር ተቋጥሮ አስቸገረው። ሷሊሕ ሊያግዙት አልሞከሩም፤ ቆመው ጠበቁት። ሁለቱንም ፈትቶ፣ ይዞ ሄዶ፣ በሩ ላይ ከሷሊሕ ጫማና ከፈሪሃ ላስቲክ ጎን አስቀመጣቸው። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል።

"ብሌን ይህን እንዳታይ" አለች ፈሪሃ፤ "እግርህን ከጠረጴዛው ሥር አድርግ። እኔ ደግሞ ወጥ ላምጣ፤ ስትበላ ትይህ።"

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ላፕቶፑ ጠራ። ሷሊሕ ሰላምታውን ሳይጠብቁ ወደ በሩ አመሩ፤ የአባትና የልጅ ነገር ነው ብለው። ደፉ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያጠልቁ የብሌን ድምፅ ከውስጥ ተሰማቸው።

"አባዬ! ወደ መብራቱ ዙር እስቲ። ጺምህ... ከሳህ እኮ!"

"ፈሪሃ ወጥ ልታመጣልኝ ሄዳለች፤ አሁን ታዪኛለሽ። ሰማሽ ብሌን፣ ስሙ አልጠፋም። እናትሽ ያወጣችው ስም እንዳለ ነው።"

ልጅቷ ትንሽ በተሰበረ ድምፅ፣ "አውልቀሃል ታዲያ?" ስትል ሰሟት።

ሷሊሕ ክራቸውን አሰሩ። በመጡበት መንገድ፣ በሽቦው ሥር፣ ጉልበታቸውን እያስታመሙ ወደ ሱቃቸው ወረዱ። ማታ የቤታቸው ደፍ ላይ ሲደርሱም እንደ ወትሯቸው ጫማቸውን ሊፈቱ ጎንበስ አሉ።